ቻናል ዘጠኝ፣ ዱሮሽ

ኦርቪል ስካግስ ትራክተር ሻጭ፣ ግራሶ ከጥፍሩ የማይለቅ፣
ሱቁን ለባንክ አስይዞ፣ ሰው በጎን ሲሳለቅ፣
ከአኩሪ አተሩ መሃል የብረት ግንድ ተከለ፤
“ይህ ደግሞ ምን ሊያፈራ ነው?” ያላለ ሰው የት አለ።

በሃምሳ አራት መስከረም፣ ሣጥኑ አሥራ አንድ ቢሆን ነው፤
አንደኛው በብረታ ብረት ሱቅ መስኮት፣ በብርድ ቆመን ያየነው።
መጀመሪያ በረዶ ዘነበ፣ ከሰማይ ሳይሆን መስታወት ላይ፣
ከዚያ የስካግስ ክራባት፣ ከዚያም ስካግስ፣ ሲንተባተብ ሲታይ።
“እንደምን አመሸሽ፣ ዱሮሽ!” አለና ሌላው ቃል ጠፋበት፤
ስምሽን ግን በልኩ ጠራው፣ እዚሁ እንደተወለደበት።
(ፈረንሳይ አስረዝሞ የጻፈሽን፣ እኛ ግማሹን ፊደል ዋጥን፤
በስምሽ አጠራር ብቻ፣ ከዘመድ እንግዳ መረጥን።)

እናት ጣቢያ ኒውዮርክ ናት፤ ሽቦዋ ያኔ እኛ ዘንድ አይመጣም፤
ሳቁ በቆርቆሮ ታሽጎ በባቡር ሳምንት ቢዘገይም፣ የሚስቅ ሰው አይታጣም።
ገና ካለፈ በኋላ ነበር፣ ገና የሚደርሰን፤
ጥዱን አውጥተን ከጣልን፣ መዝሙር የሚቀሰቅሰን፤
“ገና መጣ?” “ገና ነው!” ስንባባል፣ ማንም አልነበር የሚወቅሰን።

ሎቬታ ፕሩት ነበረች፣ በጠመኔ ደመና ሥላ የምታጠፋ፣
ቀሚሷ ዘወትር አቧራ፣ ድምጿ ከቁመቷ የሰፋ።
ያን የግንቦት ምሽት፣ ቡጢ ከኒውዮርክ ሲተላለፍ፣
ነፋስ ከምዕራብ ተነሣ፣ ጎተራ ነቅሎ ሊያልፍ።
ስካግስ ገመዱን መዘዘ። ቡጢው አየር ላይ ቀረ፤
ማን እንደወደቀ፣ በዱሮሽ የጠየቀም አልነበረ።
እሷ ገባች በጠመኔዋ፣ ካርታዋ ፊት ቆማ፣
ቤት ለቤት እየጠራች፣ ከእርሻው እስከ ከተማ፦
“የክራቶክቪል ቤተሰብ፣ መብራት አትፈልጉ፣ ምድር ቤት ውረዱ!
የሸክላው ድልድይ ጋ ያላችሁ፣ መኪናውን ትታችሁ ቦዩ ውስጥ ሂዱ!
አይዳ ሜ፣ ድመቷን ተያት፣ እባክሽ…”
ጠመኔው አለቀ። በጣቷ ቀጠለች።
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሲል፣ “አለፈ፤ ተኙ” አለች።

ሰባት ጎተራ ሄደ። ሰው አልሄደም።
በሳምንቱ ከኒውዮርክ ደብዳቤ መጣ፣ “ውል አፍርሰሃል” የሚለው፤
ስካግስ በመስታወት ፍሬም፣ ሽንት ቤት ሰቀለው፤
ቆሞ የሚሸና ሁሉ ውሉን እንዲያስተውለው።

አሁን የእኔን ልናገር።
ቴፕ ውድ ነበር። የሌሊቱ ተረኛ እኔ ነበርኩ፤
ባዶ ቴፕ አምጣ ሲሉኝ፣ ከመደርደሪያው አንዱን መዘዝኩ፤
በሎቬታ ሌሊት ላይ፣ የፍራሽ ማስታወቂያ ቀዳሁ።
ስሙን ሳላነብ አይደለም። አንብቤው ነው ያጠፋሁ።

ስካግስ ሞተ። ልጆቹ ሸጡት፤ የገዛውም መልሶ ሸጠ፤
እናት ሄዳ እንጀራ እናት መጣች፤ የበሩ ቀለም ተላጠ።
ስቱዲዮው ዛሬ ፍራሽ መሸጫ ነው።
እግዜር ቀልድ ያውቃል።
ዜናውን አራት መቶ ማይል ርቆ አንድ ጎልማሳ ያነብባል፤
ለአሥራ አራት ከተማ በአንድ ክራባት፣ ለሁሉም እኩል ፈገግ ይላል።
ፊደል የቆጠረ ነው፤ ያለሽን ፊደል ሁሉ ቆጥሮ
“ዴስሮችስ” ይልሻል፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አሳምሮ።

እኔ ምን እላለሁ?
ዱሮሽን የሚያውቅ ዱሮሽ ብሎ ይጠራል፤
የማያውቅ ፊደልሽን ይለቅማል።

የቀረኝ የሥርጭት መዝገቤ ነው፣ ጠርዙን አይጥ የቀመሰው፤
አንዳንድ ሌሊት እገልጠዋለሁ፣ እንቅልፍ እንዳጣ ሰው።
ግንቦት አሥራ ዘጠኝ፦
ምሽት ሦስት ሰዓት ከአርባ ሰባት፣ የእናት ጣቢያ ሥርጭት ተቋረጠ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር፣ ተመለሰ።
ምክንያት፦ ነፋስ።

“ነፋስ” ከሚለው ጎን፣ የጠመኔ አሻራ አለ፤ የአንዲት ሴት አውራ ጣት።
ገጹን ስዘጋ እጠነቀቃለሁ።
ማጥፋት እንደሆነ፣ አውቅበታለሁ።